የሸክላው ወንዝ አግዳሚ

አራተኛው ወንበርም ሄደ። ለሎንዛ ቦኔሎ ይህን ያረዳት ማክሰኞ ጠዋት ውሻውን ሲያናፍስ የቆየው ጎረቤቷ ነበር፤ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ "ወንበርሽ የለም፣ ወረቀቱ ግን እዚያው አለ" ብሏት አለፈ። ወረቀቱን የጻፈችው ራሷ ናት። በካርቶን ላይ፣ በደማቅ ቀይ ቀለም፣ "ይህ ወንበር ሥራ ላይ ነው፤ እባክዎ አይውሰዱት" ብላ፣ ከመደገፊያው ጋር በሽቦ ጠፍራ አስራው ነበር። ወሳጁ ሽቦውን በትዕግሥት ፈትቶ፣ ካርቶኑን ሣሩ ላይ አጋድሞ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጭኖበት ሄዷል። እንዲህ ያለ ጨዋ ሌባ ከየት ይገኛል? ነገሩ ሌባ ለማለትም አፍ አይደፍርም። በዚያ ከተማ ሰው ያልፈለገውን ዕቃ ከመንገድ ዳሩ ሣር ላይ ያወጣዋል፤ የወጣውን ደግሞ የፈለገ ያነሣዋል። ሣሩን የነካ ዕቃ ባለቤት የለውም። ሎንዛ ራሷ የቴሌቪዥን ጠረጴዛዋን፣ የወፍ ቤቷን፣ ነፍሱን ይማርና ባሏ እስኪሞት የተቀመጠበትን ባለ ክንድ ወንበር ሳይቀር ያገኘችው ከሰው ሣር ላይ ነው። ስለዚህ መራገም ቢያምራትም ኅሊናዋ አልፈቀደላትም፤ ሻይዋን ቀድታ ከቀሩት ሁለት ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጠች።

ስድስቱ ወንበሮች የጎማ ፋብሪካ ውስጥ በምትሠራበት ዘመን ከነጠረጴዛቸው በመቶ አርባ ዶላር የተገዙ ናቸው። አሁን ጠረጴዛው ዙሪያውን ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ሆኗል። ሎንዛ ወንበሮቿን እያወጣች መንገድ ላይ የምትዘራው አእምሮዋ ስቶ አይደለም፤ ልጇ ዶሪስ ግን አንድ ሁለት ጊዜ እንደዚያ ሳትጠረጥር አልቀረችም። ነገሩ እንዲህ ነው። የሎንዛ ወንድም ካርመኑ የሚኖረው ከሸክላው ወንዝ ማዶ ነው፤ ከቤቷ ደጃፍ እስከ ቤቱ ደጃፍ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሜትር። ባለፈው ክረምት የቀኝ ዳሌዋን አውጥተው ብረት ተክተውላታል። ሐኪሙ በየቀኑ እንድትሄድ፣ ስትደክም ግን አረፍ እንድትል አጥብቆ መክሯታል። ዳሌዋ ደግሞ ከሐኪሙ ይልቅ ልክ ያውቃል፤ ልክ ድልድዩ ጋ ስትደርስ "በቃኝ" ይላል። ድልድዩ ጋ ደግሞ ምንም የለም። ግንብ የለ፣ ጉቶ የለ፣ የአውቶቡስ ማቆሚያ የለ። የድልድዩ ብረት ቀጭንና ተዳፋት ስለሆነ ወፍ እንኳ አይቀመጥበትም፤ ወንበሮቿን አንድ በአንድ እዚያ ያኖረችው ለዚህ ነው። በአውቶቡስ ልሂድ ካለች መጀመሪያ ወደ ባቡር ጣቢያው ወስዶ፣ ሌላ አሳፍሮ፣ ከኃምሳ አምስት ደቂቃ በኋላ ከወንድሟ ቤት ጀርባ ካለው ኮረብታ ላይ ይጥላታል። ታክሲ ደግሞ ለመሄጃ ብቻ አሥራ ዘጠኝ ዶላር ነው። ለአንድ ሳህን ምሳና ለአንድ ዙር ካርታ ጨዋታ አሥራ ዘጠኝ ዶላር የሚከፍል ካለ እሱ ሌላ ችግር የለበትም።

ካርመኑ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ እሷን በአምስት ይበልጣታል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ከባቄላውና ከቲማቲሙ ጋር ይኖራል። ዳሌዋ ሳይታመም በፊት ሎንዛ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ምግብ ይዛለት ትሄድ ነበር፤ ይበላሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ፣ አሥር ያህል ዓረፍተ ነገር ይነጋገራሉ፣ ከአሥሩ ሰባቱ ስለ ካርታው ነው። እሱ ግን የእሷን ቤት ከረገጠ ሁለት ዓመት አልፎታል። ለምን እንደሆነ ሎንዛ ታውቃለች፤ ወይም የምታውቅ ይመስላታል። የእናታቸው የስፌት መኪና እሷ ዘንድ ሲቀር ካርመኑ "ይሁንልሽ" ብሎ ነበር፤ "ይሁንልሽ" የሚለው ቃል በእነሱ ቤተሰብ ከስድብ ይከፋል። ከዚያ በኋላ እግሩ ቀረ። አላነሣችበትም፤ እሱም አላነሣም። ውስጧን ግን ይቆረቁራት ነበር። እሱ ካልመጣ እኔ እሄዳለሁ፣ ታላቄ ነው፣ ብላ ነበር ሁሉን የተወችው። አሁን መሄዱም ሊቀር ሆነ።

ዶሪስ ሦስት ሰዓት ላይ መጣች። አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ መቀበያው ላይ ትሠራለች፤ የምትኖረው ከከተማው ዳር ካሉት አዳዲስ ሰፈሮች በአንዱ፣ በመኪና ኃምሳ ደቂቃ ርቀት ላይ ነው። ገብታ ቦርሳዋን ካኖረች በኋላ ወንበሮቹን በዓይኗ ቆጠረች። ባለፈው እሑድ ከእናቷ ጋር ተጨቃጭቀው አንድ ስምምነት ላይ ደርሰዋል፦ ማክሰኞ በሚደረገው ስብሰባ የአካባቢው ማዘጋጃ ቤቶች ለሎንዛ ድልድዩ ጋ አንድ አግዳሚ ወንበር እንተክላለን ካሉ ዶሪስ ነገሩን ዳግመኛ ላታነሣው፤ እንቢ ካሉ ግን ዓርብ ደላላ መጥቶ ቤቱን ሊያይና ሎንዛ ዶሪስ ቤት ወደተዘጋጀላት ክፍል ልትገባ። ክፍሉን አይታዋለች። መጋረጃው ቢጫ ነው፣ መስኮቱ ወደ ሌላ ቤት መስኮት ነው የሚያየው። ዶሪስ ክፉ አይደለችም፤ እናቷ ድልድይ ላይ ወድቃ የሚያነሣት ሰው እንዳታጣ ትፈራለች፣ ያን ስትፈራ እንቅልፍ ያጣች ሴት ናት። ሎንዛ ግን ያን ቤት ስታስበው ወንድሟን በወር አንድ ቀን፣ ያውም ሰው ሲያደርሳት፣ ለማየት መፈረም ይመስላታል። ስምምነቱን "እሺ" ያለችው ተናድዳ ነበር፤ ከበረደላት በኋላ ግን የተናገረችው ቃል ከአፏ ወጥቶ አልቋል።

ከዚያ በፊት የደረሰባትን ቢጽፉት ራሱን የቻለ መጽሐፍ ይወጣዋል። የእሷ ሰፈር የብራንስኮም ነው፣ የካርመኑ ሰፈር የታራቢን፤ ወሰናቸው የሸክላው ወንዝ መሐል ላይ ያልፋል። ብራንስኮም ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ስታመለክት፣ ጥላ ያለበትና አግዳሚ ሊተከልበት የሚችለው የድልድዩ ማዶ ነው፣ ማዶው የታራቢን ነው አሏት። ታራቢን ስትሄድ ደግሞ አመልካቿ የብራንስኮም ነዋሪ ናት፣ በብራንስኮም በኩል ይምጣልን አሏት። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ሦስት ወር በሁለቱ መስኮቶች መካከል ተመላለሰች፤ የምትመላለሰው ስለ መሄድ መሆኑን ማንም ልብ አላለም። በመጨረሻ የብራንስኮሟ ጸሐፊ አዝናላት፣ የከተማው ምዕራብ ስድስት ማዘጋጃ ቤቶች በየሦስት ወሩ እየተገናኙ አካባቢውን ለኑሮና ለጤና የሚመች ለማድረግ የሚመክሩበት የጋራ ጉባኤ እንዳለ፣ እዚያ ደግሞ ማንኛውም ነዋሪ ተመዝግቦ ለሦስት ደቂቃ መናገር እንደሚችል በጆሮዋ ነገረቻት። ሎንዛ ወዲያው ተመዘገበች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይላሉ፤ ስድስት ማዘጋጃ ቤት ቢያብር አንዲት አግዳሚ ማሰር አያቅተውም ብላ ነበር።

ስብሰባው ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከሎንዛ ጎዳና ራስ ላይ ባለው ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ውስጥ ተጀመረ። ውጭው ሠላሳ ስድስት ዲግሪ ነው፤ ውስጡ ደግሞ ማቀዝቀዣው ሹራብ ያስለብሳል። በአንድ በኩል የእንቁላል ሳንድዊችና የተቆራረጠ ሐብሐብ ተደርድሯል። ግድግዳው ላይ ብስክሌት የምትነዳ ሽበታም ሴት እየሳቀች የምትታይበት ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ሎንዛ በዚያ ዕድሜ ብስክሌት ላይ ሆና የምትስቅ ሴት በሕይወቷ አይታ ስለማታውቅ ሥዕሉን ደጋግማ አየችው። ዶሪስ ከጎኗ ተቀምጣ ስልኳን በጭኗ ላይ ገልብጣዋለች። መቼም እውነቱ ይነገርና ጉባኤው ሥራ ፈት አልነበረም። በአንድ የንባብ ካርድ በስድስቱም ቤተ መጻሕፍት መዋስ የተቻለው በእነሱ ነው፤ የፋብሪካውን ጢስ የሚለካው መሣሪያ የተተከለው በእነሱ ነው፤ በትልቁ መንገድ ላይ አምስት ሺህ ዛፍ ከዳር እስከ ዳር የተተከለውም ስድስቱ በአንድ ላይ ስለገዙት ነው። ግን አንድ ወጣት ተነሥቶ ስለ እግር ጉዞ የተጻፈውን ባለ ስድሳ ሦስት ገጽ ጥናት ማንበብ ሲጀምር ሎንዛ ዳሌዋን እያሻሸች ሰዓቱን ታይ ጀመር። ስድሳ ሦስቱ ገጽ ውስጥ መሄድ አለ፣ መቀመጥ የለም።

ተራዋ ሲደርስ ወደ ፊት ወጣች። የጻፈችው ወረቀት በእጇ ነበር፣ መነጽሯ ግን ዶሪስ መኪና ውስጥ ቀርቷል። ጉባኤውን በዚያ ሩብ ዓመት የምትመራው የታራቢን ከንቲባ ቱዬት፣ ቀጭንና ጸጥ ያለች ሴት፣ ሦስቱን ደቂቃ ለመቁጠር ትንሿን ሰዓት አዞረች። ሎንዛ ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

"ስሜ ሎንዛ ቦኔሎ ነው" አለች። "እኔ የምኖረው ብራንስኮም ነው። ወንድሜ የሚኖረው ታራቢን ነው። ዳሌዬ ደግሞ የሚኖረው መሐል ላይ ነው።"

ሰዎቹ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸውና ቀጠለች። ወንዙ ጋ መቀመጫ እንደሌለ፣ አራት ወንበር እንዳጠፋች፣ ነገ ከነገ ወዲያ ቤቷን ሊሸጡባት እንደሆነ ነገረቻቸው። ቤቷን የሚለው ጋ ስትደርስ ዶሪስ አንገቷን ደፋች። ሎንዛም ልጇን ያሳፈረቻት መሆኑ ገብቷት ነገሩን እዚያው ቆረጠችው፤ አንድ ደቂቃ ተኩል ገና በእጇ ነበር። ያን ጊዜ ነው አፏ እንዳመጣለት የተናገረችው።

"ይህ ሁሉ ወረቀት ስለ መሄድ ነው አይደል? እንግዲያው ተነሡና እንሂዳ። ድልድዩ ከዚህ ስድስት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። የቀረኝን ጊዜ ለዚያ አድርጉልኝ።"

ከንቲባ ቱዬት የስብሰባውን ዝርዝር አየች፤ ቀጥሎ ያለው የግማሽ ሰዓት የሻይ ዕረፍት ነበር። ሻዩን ተመልሰን እንጠጣለን ብላ ብድግ አለች። እሷ ከተነሣች ሌላው ምን ይላል? አሥራ አንድ ሰው ከነደረት ካርዱ፣ ገሚሱ ሳንድዊች እንደያዘ፣ ከማቀዝቀዣው ወጥቶ ወደ እሳቱ ገባ።

ሲጀመር ሰርገኛ ይመስሉ ነበር። የብራንስኮሙ ከንቲባ ግራንት ሞልስዎርዝ፣ ቁመተ ረጅም፣ ወርደ ሰፊ፣ ቀልደኛ ሰው፣ ከሁሉ ፊት ሆኖ ስለ ወጣትነቱ የእግር ኳስ ዘመን ያወራል። ሁለት መቶ ሜትር ላይ ኮቱን አወለቀ። ሦስት መቶ ላይ ክራባቱን አላላ። አራት መቶ ላይ ወሬው ቆመ። ሎንዛ ከዶሪስ ጃንጥላ ሥር ሆና በራሷ እርምጃ ትከተላለች፤ ይህን መንገድ ስንት ድንጋይ እንዳለበት ታውቀዋለች። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ዳሌዋ እንደ ልማዱ ያዛት። የድልድዩን ብረት ያዘችና ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች፣ ሲያማት ሰው ፊቷን እንዲያይ ስለማትወድ። ዶሪስ ግን አየቻት። እናቷን ሁልጊዜ በመኪና እያደረሰች ስለኖረች ያን ቦታ በእግሯ ረግጣው አታውቅም ነበር። ጃንጥላውን ከእናቷ ራስ ላይ ሳታነሣ ዓይኗን ለመቀመጫ አዟዟረች፤ ግራ አየች፣ ቀኝ አየች፣ አጣች። እናቷ ለምን ወንበር እያወጣች እንደምትዘራ የገባት ገና ያኔ ነው።

በዚህ መሐል ከንቲባ ግራንት ድልድዩን ተሻግሮ፣ ጥላው ጋ ሲደርስ በድልድዩ ብረት ጫፍ ላይ ሊቀመጥ ሞከረ። ብረቱ ተዳፋት ነው ብለናል። ተንሸራተተና በቂጡ ሣሩ ላይ ዘጭ አለ። ሊነሣ አልቻለም፤ ወይም መነሣት አልፈለገም፤ እዚያው ጥላው ሥር እግሩን ዘርግቶ ላቡን እየጠረገ ወደ ቱዬት ቀና አለ።

"ቱዬት፣ እኔ አሁን የተቀመጥኩበት የማን ነው?"

"የኛ። ወሰኑ ከኋላህ ስምንት ሜትር ላይ ነው።"

"ታዲያ ምነው አግዳሚ አላደረጋችሁበትም?"

"እናንተ ትጀምራላችሁ ብለን።"

ነገሩ ሲፍታታ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ባለፈው መጋቢት ስድስቱም ከንቲባዎች አንድ ውል ፈርመዋል፦ ከወሰን በአሥር ሜትር ውስጥ ያለ አነስተኛ ሥራ ከሆነ ከሁለቱ ጎረቤቶች የቀደመው ሌላውን ሳይጠይቅ ይሥራው፣ ለዘጠና ቀን ተሞክሮ ተቃዋሚ ካልመጣ ይጽና የሚል። ከተፈረመ አሥራ አንድ ወር ሆኖታል፤ ግን አንድም ሰው አልተጠቀመበትም። ታራቢኖች ብራንስኮም ትልቁ ነው፣ ሳይቀድመን ብንቀድመው ድፍረት ይሆናል ብለው ተዉት። ብራንስኮሞች ደግሞ በሰው ድንበር ገብተን እጃችንን ብናስረዝም ነውር ነው ብለው ተዉት። በር ላይ ቆመው አንተ ቅደም፣ የለም አንተ ቅደም እንደሚባባሉ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ሁለቱም በጨዋነት ውጭ አድረዋል። ሎንዛ ይህን ስትሰማ መሳቅ ያለባት ይሁን ማልቀስ አላወቀችም። በክፋት የዘጉባት መስሏት ሦስት ወር ሙሉ በየሌሊቱ ስትረግማቸው ነበር፤ ለካ የገደላት መከባበራቸው ኖሯል።

ግራንት እዚያው ሣሩ ላይ ሆኖ ስልኩን አውጥቶ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የዕቃ ግቢ ደወለ። ፊናው የሚባለው የግቢው ኃላፊ፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ፣ ከቶንጋ ደሴቶች የመጣ ሰው፣ ባለፈው ወር ከመናፈሻ የተነቀሉ ሰባት አግዳሚዎች ግቢው ውስጥ ዝናብ እየመታቸው እንዳሉ ነገረው። አንዷን ዛሬ አምጣልኝ ተባለ። ፊናው በማን ወጪ፣ በማን ትእዛዝ፣ በማን መሬት ላይ ብሎ ጠየቀ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ነውና ያለ ወረቀት አይንቀሳቀስም። ቱዬት ስልኩን ተቀብላ አግዳሚው የብራንስኮም፣ መሬቱና ጥላው የታራቢን፣ ትእዛዙ ደግሞ የሁለታችን ነው አለችው። ሁለቱ ከንቲባዎች በሎንዛ ያልተነበበ ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፈው ፈረሙለት። ከዚያም ግራንትን ሁለት ሰው ደግፎ አነሣውና ሁሉም ወደ ሻዩ ተመለሰ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አግዳሚዋ ቆመች። ፊናው አራቱን እግሮች ይዞት ከመጣው የሲሚንቶ ንጣፍ ጋር በአራት ቡሎን ካጠበቀ በኋላ ራሱ ተቀምጦ ሁለት ሦስቴ ዘለለባት። እሱን የቻለች ማንንም ትችላለች። ጥላውን ከሚሰጠው ባሕር ዛፍ ሥር፣ ፊቷን ለወንዙ ሰጥታ፣ አረንጓዴ ቀለሟ እዚህም እዚያም የተላጠ፣ የአንድ ልጅ ስምና የፍቅር ቀስት የተፋቀባት ተራ አግዳሚ ናት። ፊናው በእጁ የያዘውን ወረቀት እያሳየ፣ "እማማ፣ እርስዎ ተቀምጠው ካላዩዋት ሥራው ተፈጸመ ብዬ አልፈርምም" አላት። ሎንዛ ተቀመጠች። የሚመች ነገር አልነበረም፤ መደገፊያው ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ እሷ ግን ያ ሁሉ ዓመት የጎማ ፋብሪካ ውስጥ ቆማ ስትሠራ ያላገኘችው ዕረፍት ተሰማት። "ፈርም የኔ ልጅ" አለችው።

ዶሪስ ስምምነቷን አላፈረሰችም። በመኪና ቤት ሲደርሱ ሻይ አፈላች፣ ሁለቱ በሁለቱ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠጡ። ከዚያ ስልኳን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ሎንዛ በመስኮት አየቻት፤ በእናቷ ቲማቲም መሐል ወዲያ ወዲህ እያለች፣ እጇን እያወናጨፈች ብዙ ታወራለች። ከደላላው ጋር ነው አለች በሆዷ፣ እያባረረችው ይሁን እየቀጠረችው እግዜር ይወቅ። አልጠየቀቻትም። ማምሻውን አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ከባሕሩ በኩል ቀዝቃዛው ነፋስ ድንገት ገባ፤ በአንድ አፍታ አሥራ አምስት ዲግሪ ወረደና ሰፈሩ ሁሉ መስኮቱን ከፈተ። ሎንዛ ከምድጃ ያወጣችውን መኮሮኒ በፎጣ ጠቅልላ በዘንቢል አኖረችና ካርመኑ ጋ ደርሼ ልምጣ አለች። ሁልጊዜ "ቆይ ላድርስሽ" የምትለው ዶሪስ የመኪናውን ቁልፍ አላነሣችም። በሩን ብቻ ከፈተችላት።

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሎንዛ ኃምሳ ሜትር ሄዳ ዘንቢሉን ወደ ሌላው እጇ አዞረች፣ ሌላ መቶ ሄዳ መለሰችው። ከነፋሱ ይሁን ከደስታዋ እንጃ፣ ዳሌዋ ትንፍሽ አላለም። ድልድዩ ሲታያት ግን አግዳሚዋ ላይ ሰው ተቀምጦ አየች። መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነው። ከተተከለች ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላት፣ ገና ወዟ አልደረቀም፣ ማነው ዓይኑን በጨው አጥቦ የተዘረፈጠባት? ጠጋ ስትል እስከ አንገቱ የተቆለፈ ነጭ ሸሚዝ አየች፣ ከዘራ አየች፣ ትልልቅ ጆሮዎች አየች። ካርመኑ ነበር። የእሑድ ሸሚዙን ለብሶ፣ ፀጉሩን በውሃ አጣብቆ፣ ሁለት እጁን ከዘራው ላይ ደራርቦ ወደ እሷ ሰፈር ያያል።

ሎንዛ ዘንቢሉን አስቀምጣ ከጎኑ ተቀመጠች። ዶሪስ እንደደወለችለት፣ መቀመጫ ተሠርቷል እንዳለችው ነገራት። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም ወንዙ ውስጥ የወደቀውን የገበያ ጋሪ እንደ ቁም ነገር ተመለከቱ።

"ወዴት ልትሄድ ነው?" አለችው።

"አንቺ ቤት።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ ያልረገጥከውን ቤት?"

"እሱኑ።"

"ለስፌት መኪናው ብለህ ነው የቀረኸው። አውቄብሃለሁ።"

ካርመኑ ዞር ብሎ አያት። "የምን የስፌት መኪና?"

የእናታቸውን የስፌት መኪና አስታወሰችው። ካርመኑ አሰበ፣ አሰበና ያ ዝገት አሁንም አለ እንዴ ብሎ ጠየቃት፤ እሱ ወስዶስ ምን ሊሰፋበት? "ይሁንልሽ" ያላት እንዲሆንላት ብሎ ነው። ከዚያ ዓይኑን ከእሷ ላይ አንሥቶ ከዘራውን እያየ የቀረውን ተናገረ። እግሩ የሚያልቀው እዚች ድልድይ ላይ ነው። ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ጠዋት ጠዋት፣ እሷ ሳትመጣ በፊት፣ ሸሚዙን ቀይሮ እሷ ቤት እደርሳለሁ ብሎ ይወጣል፤ እዚህ ሲደርስ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ብረቱን ይዞ ትንሽ ይቆምና ጣሪያዋን አይቶ ይመለሳል። ባለፈው ሳምንት አንድ ወንበር አግኝቶ ነበር፣ "ሥራ ላይ ነው፤ አይውሰዱት" የሚል ስላለበት ግን ሥራ ያለው ሰው ንብረት ነው ብሎ ለመቀመጥ ፈራ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አንቺ በዚያ ዳሌሽ እየተመላለስሽ፣ እኔ ወንድምሽ ነኝ የምለው ሰውዬ እግሬ ደከመኝ ልበልሽ?"

ሎንዛ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዋን የፈተለችው ቂም በአንድ አፍታ እጇ ላይ ተበጠሰ። አፈረች፤ ከማፈሯ ይልቅ ደግሞ ደስታዋ በለጠ። ልታለቅስ ምንም አልቀራትም ነበር፣ ግን ብስክሌተኞች እያለፉ በመንግሥት አግዳሚ ላይ ማልቀስ ደስ አላላትም። አፍንጫዋን በፎጣው ጫፍ ጠረገችና መኮሮኒው እየቀዘቀዘ ነው አለች።

"ያንቺ ቤት ከዚህ ምን ያህል ይሆናል?" አለ ካርመኑ።

"አምስት መቶ ሜትር።"

"ለተቀመጠ ሰው ምንም አይደል" ብሎ በከዘራው ተመርኩዞ ተነሣ።

ክንዱን ልትይዘው ቃጣትና ተወችው፤ መያዝ እንደማይወድ ታውቃለች። ዘንቢሉን አንሥታ ከጎኑ ተራመደች። አሥር እርምጃ ሳይሄዱ ትንፋሹ ሲያጥር ሰማችው። ያን ምሽት ዳሌዋ ጨርሶ አላመማትም ነበር፤ ግን እሱ ቀስ ብሎ እንዲሄድ፣ እስከ ቤቷ በር ድረስ "ወይ ዳሌዬ፣ ወይ ዳሌዬ" እያለች አዘገመች።